ፈተና ሲሸጥ የሚቀጣው ማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ በመላ አገሪቱ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ለሌላ እንግዳ ለቀቁ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ገቡ። ከሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከጃናሞራና ከበየዳ ተራሮች ለሚነሳ ልጅ ይህ ቀላል ጉዞ አይደለም። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ግቢ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። መኝታቸው ዶርም፣ ምግባቸው ካፌ፣ ጠባቂያቸው የፌዴራል ፖሊስ፣ ፈታኛቸው ከሌላ ቦታ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 3፣ የተፈጥሮ ሳይንሶቹ ከጥቅምት 8 እስከ 11 ተፈተኑ።

ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ በመቶኛ 3.3። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ደረሱ።

ይህን ቁጥር አንዱ የትምህርት ጥራት መርዶ አድርጎ አነበበው፣ ሌላው ደግሞ ያለፉት ዓመታት ውጤት ምን ያህል ባዶ እንደነበረ ማረጋገጫ አድርጎ ወሰደው። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንድ ጥያቄ ግን በጩኸቱ መሃል ተረሳ። ፈተናው ለዓመታት ሲሰረቅ ከኖረ የሰረቀው፣ የሸጠው፣ በሩን ከፍቶ ያስኮረጀው ሰው ምን ደረሰበት? ቅጣት ሲባል ሁልጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ተማሪው ነው፤ ወረቀቱ የተነጠቀ፣ ውጤቱ የተሰረዘ፣ በፍተሻ የተዋከበ ልጅ። ወረቀቱን ከታሸገበት ያወጣው እጅ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ደመወዝተኛም ነው።

ጎንደር ለፈተናም ሆነ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አዲስ አገር አይደለችም። ማትሪክ የሚባል ነገር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት በዚህ አካባቢ የምስክር ወረቀት ሳይኖር ምስክርነት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለየሙያው ማስመስከሪያ ቦታ አለው። ድጓ የተማረ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚለው ዙር አምባ ይሄዳል፣ አቋቋም ያለው ጎንደር በዓታ ይመጣል። አገሩ የትም ይሁን፣ መምህሩ ማንም ይሁን፣ እዚያ ደርሶ «ተመስክሮለታል» ካልተባለ መሪጌታ ነኝ ቢል የሚሰማው የለም። በዛሬ ቋንቋ አገር አቀፍ ፈተና ነው።

የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጃፉ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። መግቢያ ክፍያ የለም፣ መግቢያ ፈተናም የለም፤ ጎጆ መቀለስ የቻለ ሁሉ ይገባል። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። የሚፈተነው በቃሉ፣ በመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ነው። በቃሉ የሚፈተን ሰው ኪሱ ውስጥ የሚደብቀው አጤሬራ አይኖረውም። ከሌላው መገልበጥ ነውር መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ ክፍል ነው፤ ድጓ የሚማር ልጅ የራሱን ድጓ በእጁ ገልብጦ መጻፍ ይጠበቅበታል። የገለበጠውን በልቡ ካልያዘ ግን ብራናው አያድነውም።

ታዲያ ያ ዘመን ከገንዘብ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። እውቀቱ አይሸጥም እንጂ ሹመቱ ይሸጥ ነበር። ጳጳሱ ከግብጽ አንድ ብቻ ሆኖ በሚመጣበት ዘመን ቅስናና ድቁና ፈላጊው በብዙ መቶ እየተሰበሰበ ይሾም ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን ያዩ አውሮፓውያን ተጓዦች ለክህነት ጥቂት አሞሌ ጨው ይከፈል እንደነበር ጽፈዋል። ጳጳሱን ለማስመጣትም ወርቅ ወደ ግብጽ ይላክ ነበር።

ሕጉ ግን ይህን ያውቅ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ችሎት ይጠቀስ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ከሐዋርያት ቀኖና የወረሰው ሥርዓት አለ፤ ክህነትን በገንዘብ ያገኘ ይሻራል፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሾመውም አብሮ ይሻራል። መነሻው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ሲሞን መሠርይ ነው፤ ጴጥሮስን በብር ሊገዛ የሞከረው። ሕጉ ሁልጊዜ ይፈጸም ነበር የሚል ካለ የአሞሌውን ታሪክ ያስታውስ። ሆኖም አቋሙ ግልጽ ነው። ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ እንዲያውም ተቀባዩ ሥልጣን ያለው ስለሆነ ውድቀቱ ይከብዳል።

ዘመናዊው ፈተና ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መጀመሪያ የለንደንን ማትሪክ ይፈተኑ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ አገሪቱ የራሷን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና አቆመች። ስሙ ግን «ማትሪክ» እንደሆነ ቀረ። ጎንደርም በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጇን አገኘች። ኮሌጁ የመጣው የደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ለወረዳ የሚሆኑ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ያሠለጥን ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው።

በአዲሱ ሥርዓት ፈታኙ ተፈታኙን አያውቀውም፤ ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበር። የደባርቅ ገበሬ ልጅ የአዲስ አበባ ሚኒስትርን ልጅ በቁጥር ሊበልጥ የሚችለው ስሙ ሲደበቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ፈታኝና ተፈታኝ ሲራራቁ በመሃል ወረቀት ገባ። ወረቀት ይታተማል፣ ይጫናል፣ ይከማቻል፣ ይጠበቃል፤ በየደረጃው የሚነካው ሰው አለ። መሪጌታው ፊት የማይሸጠው ነገር እዚህ የሚሸጥ ሆነ።

ለረጅም ጊዜ ስርቆቱ የግለሰብ ነበር ማለት ይቻላል። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በየዓመቱ ጥቂት ሺህ ሰው ነው። የሌላ ሰው ስም ይዞ መፈተን፣ ካርድ ላይ ፎቶ መቀየር፣ ክንድ ላይ መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። የሚያዘው ልጅ ይባረራል፣ ነገሩ ያበቃል። ማትሪክ የወደቀ ደግሞ መምህር ይሆናል፣ ጸሐፊ ይሆናል፣ ወታደር ይሆናል፤ የ12ኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ብቻውን እንጀራ ነበር።

ኋላ የዩኒቨርሲቲው ቁጥር ከ40 በላይ ሲደርስ የፈተናው ክብደት ይቀላል የሚል ግምት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የ12ኛ ክፍል ወረቀት ብቻውን ሥራ ማስገኘቱን ሲያቆም ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ምንም እንዳልሆነ ተቆጠረ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ሲቀር ደግሞ ሸክሙ ሁሉ አንድ ሳምንት ላይ ወደቀ።

በዚህ መሃል ትምህርት ቤቶች በሚያሳልፉት ተማሪ ብዛት መመዘን ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል የሚያቀርበው ሪፖርት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሁሉም ይመሰገናል። በኢሕአዴግ ዘመን ገበሬውን ሲያደራጅ የነበረው «አንድ ለአምስት» ትምህርት ቤት ገብቶ ጎበዙን ተማሪ ለአራት ጓደኞቹ ኃላፊ አደረገው። ዓላማው መረዳዳት ነበር ይባላል። ፈተና ክፍል ውስጥ ግን መረዳዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተማሪው ያውቀዋል። አላሳይም ያለ ልጅ ራስ ወዳድ ይባላል፤ ከፈተና ሲወጣ የሚጠብቀው ድብደባም ነበር። መምህራኑም እዚያው ያስተማሩት፣ እዚያው የሚኖሩት ናቸው፤ ልጁን ቢይዙት ነገ ከአባቱ ጋር ገበያ ይገናኛሉ። በአንድ በኩል ርኅራኄ፣ በሌላ በኩል ፍርሃት፣ አልፎ አልፎም ከተማሪዎች የተዋጣ ብር አለ። ይህን ሁሉ «ኩረጃ» በሚል አንድ ቃል መጥራት ነገሩን ማሳነስ ነው። ኩረጃ የልጅ ጥፋት ነው። ይህኛው ግን የተደራጀ የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀል እስከመሆን ደርሷል።

ከዚያ 2008 መጣ። ግንቦት 22 ቀን የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ገና ሳይጀመር ገጾቹ ፌስቡክ ላይ ታዩ። ያሰራጩት በውጭ የነበሩ የኦሮሞ መብት ተሟጋቾች ናቸው፤ በወቅቱ አሜሪካ የነበሩት ጃዋር መሐመድ ምክንያቱን በይፋ ተናግረዋል። በኦሮሚያ በተቃውሞው ምክንያት ትምህርት ለወራት ተቋርጧል፣ ተማሪው ሳይማር ሊፈተን አይገባም፣ ይራዘም ተብሎ ሰሚ ጠፍቷል የሚል ነበር። መንግሥት ፈተናውን በሙሉ ሰረዘ። ወደ 254 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ።

ይህ ስርቆት ከሌሎቹ ይለያል። ለብር አልተደረገም፣ ለአንድ ሰው ልጅም አልተደረገም፤ ፈተናውን ለማፍረስ የተደረገ ነው። ግን አንድ ነገር ለሁሉም አሳየ። በታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ያለ ወረቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊወጣ ይችላል። ለፖለቲካ የወጣ ለገንዘብም መውጣት ይችላል።

የመንግሥት ምላሽ ወረቀቱን ያወጣውን ሰንሰለት በአደባባይ ከመዘርዘር ይልቅ ኢንተርኔቱን መዝጋት ሆነ። ድጋሚ ፈተናው በሐምሌ ሲሰጥ ፌስቡክ፣ ትዊተርና ቫይበር ለቀናት ተዘጉ፤ ተማሪው ሐሳቡ እንዳይበታተን ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በተደረገ ሙከራ ተኩስ ተከፈተ። ማኅበራዊ መገናኛዎቹ ለፈተና ተብለው በተዘጉበት ሰሞን ማለት ነው። በ2009 ግንቦት መጨረሻም መላው አገር ለፈተና ተብሎ ከኢንተርኔት ውጭ ሆነ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ጥፋተኛው ስልክ ነው የተባለ ይመስል ነበር። ስልክ ግን ፎቶ ያነሳል እንጂ መጋዘን አይከፍትም።

2011 ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅጣት አሳየ። ውጤቱ ሲወጣ በአንዳንድ ትምህርቶች ላይ ከልክ ያለፈ ነጥብ ታየና ለዩኒቨርሲቲ ምደባ የአራት ትምህርቶች ውጤት ብቻ እንዲያዝ ተወሰነ። ሌሎቹ ተጣሉ። እስቲ ይታሰብ፤ ከዳባት አንድ ልጅ ባዮሎጂ ላይ በላቡ ያመጣው ነጥብ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ስለሰረቀ ዋጋ ያጣል። ተቋሙ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ይህ በሕግ ቋንቋ የጅምላ ቅጣት ነው። ሌባውን መለየት ሲያቅት ሁሉም ላይ ማካፈል።

የሰሜን ጎንደር ተማሪ ከዚህ በኋላ ያየው ፈተና ከፈተና በላይ ነው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ጭና ድረስ ደረሰ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በጦርነቱ የተጎዱ አካባቢዎች ተማሪዎች በ2014 በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ፤ ውጤቱ ሲወጣ ከአማራ ክልል የቀረበው ቅሬታ የትምህርት ሚኒስቴርን ለወራት አነጋግሯል። ተማሪው ከጥይት ድምፅ ወጥቶ ተፈትኖ፣ ሌላ ቦታ ያለው ተኮራርጆ በለጠኝ የሚል ቁጭት ይዞ ተቀመጠ። ቁጭቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ለጊዜው እንተወው፤ ፈተናው መታመኑን ማጣቱ ራሱ አደጋው ነው።

በ2014 መጀመሪያ ሚኒስቴሩን የያዙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት በዚህ ሁኔታ ነው። ችግሩ የተማሪ ብቻ ሳይሆን የተቋማት ጭምር መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል፤ ይህን ማለታቸው ቁም ነገር ነው። እርምጃው ግን የመሐንዲስ እርምጃ ነበር እንጂ የዳኛ አልነበረም። ሰዎቹን ከመክሰስ ይልቅ ፈተናውን ከእጃቸው አወጣው። ወረዳውን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ የአካባቢውን ፈታኝ ዘሎ ተማሪውን ራሱን ጭኖ ወሰደው።

ሠርቷል ወይ? ሠርቷል። በሐምሌ 2015 የተፈተኑትም 3.2 በመቶ ብቻ አለፉ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ፤ በ2017 ከ8 በመቶ በለጠ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም የተማሪው የራሱ ነው። በአማራ ክልል ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጡ፤ ሚኒስቴሩም ሌላ ዕድል አንሰጥም አለ። አንዳንዱ ኩረጃ ስለቀረበት ነው የወጣው ብሎ ሳቀባቸው። ምናልባት ከፊሉ እንዲያ ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ከ1ኛ ክፍል ጀምረው ያዩት ሥርዓት አንድ ነው፤ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ መምህራቸው መልስ ሲነግራቸው ያደጉ ይኖሩባቸዋል። በአንድ ጠዋት ደንቡ ተቀየረና ዋጋውን እነሱ ከፈሉ። ደንቡን ያበላሹት ትልልቆች በዚያ ጠዋት ቢሯቸው ነበሩ።

ሌሎች አገሮች ቅጣቱን በየመልኩ ሞክረውታል። ቻይና ለሺህ ዓመት ያህል ባለሥልጣን የምትመርጠው በፈተና ነበር፤ ተፈታኞቹ በትንንሽ ክፍል ተቆልፈው ለቀናት ይጽፋሉ። የእኛን የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያስታውስ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1858 የቤጂንጉ ፈተና ላይ ወረቀት መቀያየሩ ሲታወቅ ዋናው ፈታኝ፣ ከመንግሥቱ ቁንጮ ሹማምንት አንዱ የነበረው ቦ ጁን፣ በቀጣዩ ዓመት በሞት ተቀጣ። ዋናው ሹም የሞተው የበታቾቹ ሥራ ውስጥ እጁ ስላለበት ነው። ጭካኔው ይቅርብን፤ አቅጣጫው ግን ወደ ላይ ነበር።

ናይጄሪያ በ1984 ወታደራዊ መንግሥቷ ባወጣው ድንጋጌ ፈተና ለሚያጭበረብር 21 ዓመት እስራት ደነገገች። ሃያ አንድ ዓመት! ማንም ዳኛ አንድን ታዳጊ ለዚህ ያህል ጊዜ ወህኒ ለማውረድ እጁ አይፈታለትም፤ ስርቆቱም አልቆመም። በ1999 ሕጉ ተተክቶ ቅጣቱ ወደ ጥቂት ዓመታትና መቀጮ ወረደ።

አሜሪካ በ2019 የጀመረችው ክስ ደግሞ ሀብታሞች ልጆቻቸውን ታዋቂ ኮሌጅ ለማስገባት የከፈሉት ጉቦ ነበር። ከ50 በላይ ሰው ተከሰሰ፤ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ፈተና አስተናጋጆች። ደላላው ሪክ ሲንገር ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት፤ የሴት ልጇን የፈተና መልስ ለማሳረም 15 ሺህ ዶላር የከፈለችው ተዋናይት ፌሊሲቲ ሃፍማን ግን 14 ቀን እስራት ብቻ ተፈረደባት። የሀብታም ቅጣት ሁሌም እንደዚያ ነው የሚል ካለ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጆቹ አልተከሰሱም። ሕንድም በ2024 ያወጣችው የሕዝብ ፈተናዎች ሕግ በተደራጀ መንገድ ወረቀት የሚያወጡትን እስከ 10 ዓመት እስራት ሲያስፈራራ ተፈታኙን ከዚህ ቅጣት ውጭ አድርጎታል፤ ልጁ የፈተና ክፍል ደንብ ይበቃዋል ብሎ።

የኢትዮጵያ ሕግ ቢታይ ባዶ እጁን አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆነ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም ይቀጣሉ። በአደራ የተሰጠን የመንግሥት ሰነድ ማውጣት፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ሥልጣንን ለግል ጥቅም ማዋል ሁሉም ወንጀል ናቸው። የፈተና ሳጥን ከፍቶ ፎቶ ያነሳ ሠራተኛ፣ ብር ሰብስቦ መልስ የነገረ ፈታኝ፣ ይህን እያየ ያለፈ ኃላፊ ከእነዚህ ከአንዱ አያመልጥም። በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ገብቷል» እያሉ ብር የሚሰበስቡትም፣ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት በዚሁ መተግበሪያ ማለት ነው፣ በማታለል ወንጀል ይጠየቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ሐሰተኛ ወረቀት ስለሆነ የሚዘረፈው የሥጋ ደዌ ያህል የሚፈራውን ድህነት ለመሸሽ በጉ ተሸጦ ብር የተላከለት ልጅ ነው።

ስለዚህ ጉድለቱ አንቀጽ ማጣት አይደለም። ጉድለቱ የትኛው ቅጣት ይቀላል የሚለው ላይ ነው። የልጅን ውጤት ለመሰረዝ አንድ ደብዳቤ ይበቃል፤ ይግባኙም ደካማ ነው። አንድን የወረዳ ኃላፊ ለመክሰስ ግን መርማሪ፣ ምስክር፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የክልሉ ፈቃድ። ክልል የራሱን ሰው አሳልፎ ሲሰጥ ተቀናቃኙ ክልል «አላልንም?» ይላል። ፈተናው የብሔር ውድድር ከሆነ ወዲህ የራስን ሌባ መሸፈን እንደ አገር ወዳድነት ተቆጥሯል። የጎንደሩ ለጎንደሩ፣ የሌላውም ለሌላው።

ሌላም መነሳት ያለበት ነገር አለ። ውጤት መሰረዝ አስተዳደራዊ እርምጃ ነው ይባላል እንጂ ለሰሜን ጎንደር ልጅ ከእስራት የሚያንስ ቅጣት አይደለም። አንድ የከተማ ልጅ ውጤቱ ቢሰረዝ የግል ኮሌጅ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ዓመት ቆይቶ መድገም አለ። የበየዳው ልጅ ደባርቅ ለመድረስ ራሱ ጉዞው ወጪ ነው። በ2016 እና በ2017 ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ለመፈተን መንገድ መውጣት በሁለት ታጣቂ መሃል ማለፍ ማለት ሆነ። በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,363 ነበሩ። እዚያ የሚማር ልጅ ቢኮርጅ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን መምህር ሳይመደብለት፣ መጽሐፍ ሳያይ፣ በደረጃው ሳይማር ፈተና ላይ የተቀመጠን ልጅና ደመወዝ እየበላ ሳጥን የከፈተን ሰው አንድ አድርጎ «ሌቦች» ማለት ፍርድ አይደለም።

ፈተናው በኮምፒውተር ይሁን የሚለው እርምጃ ከ2016 ጀምሮ እየሰፋ ነው። ወረቀቱ ሲቀር መጋዘኑም፣ ጫኙም፣ ጠባቂውም ይቀራሉ፤ ስርቆቱ ይጠባል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ግን ልጁ ኮምፒውተር ፊት መጀመሪያ የሚቀመጠው የፈተናው ዕለት ከሆነ ሌላ ዓይነት መድልዎ ይመጣል። ከዚያም ሲስተሙን የሚያስተዳድር ሰው ይኖራል፤ ቁልፉ ከመጋዘን ወደ ፓስወርድ ተዛወረ ማለት ነው። ቁልፍ ያዡን የሚጠይቅ አሠራር ካልመጣ አዲሱ መንገድም ገበያውን ማግኘቱ አይቀርም።

የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በየዓመቱ መግለጫ ሲሰጥ የተፈተነው፣ ያለፈው፣ የወደቀው ተማሪ ቁጥር እስከ አሃዱ ድረስ ይነገራል። ደንብ የጣሰው ተማሪም ይቆጠራል። በሚቀጥለው መግለጫ ከዚያ ቁጥር ጎን ሌላ መስመር ይጨመር፤ ስንት ፈታኝ፣ ስንት ርዕሰ መምህር፣ ስንት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተከሰሰ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ ምን ተፈረደበት። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።